የጾም ኬክ

ከቡራዩ በተሳፈርኩበት ታክሲ፣ ኬክ ጋጋሪው ከድርና ጎረቤቱ ሽማግሌ ከጎኔ ተቀምጠው ያወራሉ።

«አካም ጅርታ፣ ከድር? ከፍርድ ቤት መምጣትህ ነው?»

«አልሀምዱሊላህ፣ ኦቦ ገመቹ። አዎ፣ ሌላ ቀጠሮ ሰጡን።»

«ለኬክ ብለህ የሰፈርህን ሰው ትከሳለህ?»

«‹የጾም› ብሎ ለጥፎ ወተትና እንቁላል ይጨምርበታላ! ሰዉ ደግሞ የአንተ ይደርቃል፣ የእሱ ይለሰልሳል እያለ ጥሎኝ ሄደ።»

«እንግዲያው ገበያህን ነው የነካብህ።»

«እሱንም አልክድም። የእሱ ጠበቃ ግን ‹አንተ ሙስሊም ነህ፣ በክርስቲያን ጾም ምን አገባህ?› አለኝ።»

«ምን መለስክለት?»

«ረመዳን ሲሆን ክርስቲያን ጎረቤቶቼ ፊቴ ውሃ እንኳ አይጠጡም። ታዲያ እነሱን ሳያውቁ ሲያስገድፋቸው ዝም ብዬ ልይ?»



«ባለቤቴ ሁዳዴውን ሙሉ የምትገዛው ከእሱ ቤት ነው።»

«አውቃለሁ፣ ኦቦ። በሱቄ በኩል ነው የሚያልፉት።»

«ምነው ታዲያ ሳትነግረን?»

«ገበያ ፈልጎ ነው እንዳትሉኝ ፈርቼ።»

ጉልበቴ ላይ ያለውን የኬክ ካርቶን፣ ‹የጾም› የሚለው ጽሑፍ እንዳይታያቸው ቀስ ብዬ ወደ ራሴ አዞርኩት።