ዓርብ ጠዋት የመጡት እማሆይ

ይህን ለባሌም ነግሬው አላውቅም። በደርግ ጊዜ መካኒሳ አቦ ብቻዬን ተከራይቼ ስኖር፣ አንዲት መነኩሲት ዓርብ ጠዋት መጥተው እንዳሳድራቸው ለመኑኝ። ደክሟቸው ስላየሁ ውሃ ሰጠኋቸው፤ ግጥም አድርገው ጠጡት። መነኩሴ ደግሞ በጾም ቀን ጠዋት ውሃ አይቀምስም።

«እማሆይ፣ ዛሬ እኮ ዓርብ ነው» አልኳቸው እያፈርኩ።

«አሞኝ ነው፣ ልጄ» አሉ። ድምፃቸው ግን የእኩያዬ ነበር። የምትሸሽ ልጅ ትሁን ወይስ እኔን ልትፈትን ከቀበሌ የተላከች፣ መለየት አቃተኝ። ሲመሽ የአብዮት ጥበቃው አንኳኳ።

«መነኩሴ ገብታለች አሉ፤ ማን ናት?»

«አክስቴ ናቸው፤ ከገዳም መጥተው ነው» አልኩት። ትክ ብሎ አይቶኝ ሄደ። እኛም ስንተያይ አደርን።

በማግስቱ ጠዋት «ቆብሽን አውልቂ» አልኳት። መነኩሴ ሲመነኩስ ጸጉሩን ይላጫል፤ እሷ ሹሩባዋን እንኳ አልፈታችም ነበር። መቀሱን አነሳሁ።