ደጄን የዘጋው ፒካፕ

የሰፈሩ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ አንድ ነጭ ፒካፕ ሁልጊዜ ደጄን ዘግቶ ይቆማል። ስንት ደጅ እያለ ለምን የእኔን እንደሚመርጥ ይገርመኝ ነበር። ባለፈው ውሃ የሚያመጣልኝ የአህያ ጋሪ መግቢያ አጥቶ ሊመለስ ሆነ፤ በርሜሌ ደግሞ ደርቋል። የፒካፑን መስኮት በከዘራዬ አንኳኳሁ። ልጁን ሊወስድ የመጣው ሰው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ያደገ ጎንደሬ ነው።

«አንተ፣ ምነው ከሁሉ ደጅ የእኔን መረጥህ?»

«ወላሂ እማማ፣ ሰው ሲወጣ ሲገባ አይቼ አላውቅም። የቤቱ ባለቤት አገሯ የገባች መስሎኝ ነው።»

ስንት ዓመት እዚያ ግቢ ውስጥ መጽሐፍ ላይ እንዳቀረቀርኩ ልነግረው አሰብኩና ተውኩት። «የትም አልሄድኩ፤ አንሣው!» አልኩት። ጋሪው ገባ።

ከዚያ ወዲህ በዚያች ሰዓት ወንበር አውጥቼ ደጄ ላይ እቀመጣለሁ። ሰውየው አሁን የሚያቆመው ጎረቤቴ ደጅ ነው። ከዚያው ሆኖ «እማማ፣ አሉ?» ይለኛል።

«አለሁ» እለዋለሁ።