ለሆስፒታል የሚሆን ፊልም

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ማን ልበል? … ኧረ ጮክ በል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው አይሰማኝም! … ሙርሳል? አንተ ነህ? የማን ስልክ ነው ይሄ? … ያልጋ ጎረቤትህ። እግዜር ይስጠው በለው።

— ኻሚስ! ያንን ፊልም አቁመው እስቲ፣ ሙርሳል ነው ከአዲስ አበባ! … ተመልካቾቹ ይጩኹ እንግዲህ! ሙርሳል ነው በላቸው፣ ራሳቸው ዝም ይላሉ።

— አለሁ፣ ወንድምዓለም። … ደህና ነን። አሶሳም እንዳለች ናት፣ ሲዘንብ መብራት ይሄዳል፣ መብራት ሲመጣ ሰው የለም፤ ዛሬ ብቻ ሁለቱም አሉ። … ድምፅህ ግን ምነው እንዲህ ሻከረ? … እሺ፣ እሺ፣ አልጠይቅህም። ቀስ እያልክ አውራ።

— ብኸይታ? እዚሁ ናት፣ ጓዳ። … አትመጣም። ትናንት ከአንተ ጋር ከተነጋገረች ጀምሮ ለእኔም አልተናገረች። … ምን አውቄ! የባልና ሚስት ነገር ውስጥ አልገባም።

— ምን? … ፊልም ምረጪልኝ? … ኧረ ተው! ሰው ነገ ጉሮሮውን ሊቀደድ ቀጠሮ ይዞ ፊልም ምረጪልኝ ብሎ ይደውላል? … ስንት ናችሁ ክፍሉ ውስጥ? … ስምንት። ሁሉም ፊልም ወዳድ? … የጅማውም፣ የደብረ ማርቆሱም። ማጫወቻም ተገኘ። … ገባኝ፣ ማታ፣ እዚህ ቪዲዮ ቤቴ እንደምታደርገው፣ የሁሉንም ድምፅ እየሆንክ ልትተረጉምላቸው ነው። እሺ፣ ሻንጣህ ውስጥ የከተትኩልህን ሲዲዎች አውጣቸው። … ሁሉንም አልጋው ላይ ዘርግፋቸው።

— በመጀመሪያ የጡንቻውን ተወው። አንድ ሰው አርባ ሰው ሲደበድብ ለማየት ተርጓሚ አያስፈልግም። … ሰማያዊ ሽፋን ያለውን አየኸው? የግብፁ ጥርስ ነቃይ። … አዎ፣ ደም ሲያይ ራሱን የሚስተው! … እንዴት አያስቅም? እዚህ ስናሳየው የሳቅነው ሦስት ሰዎች ብንሆንም ያስቃል። ሰው ቀስ ብሎ የሚያስቅ ነገር አይወድማ፣ ካልወደቁለት አይስቅም። … ምን አልክ? የተሰፋ ሰው አለ? ሆዱን? … ውይ፣ እውነትህን ነው፣ ስፌቱ ይተረተርበታል። ነቃዩን ተወው በቃ።

— እንግዲያው የህንዱ፣ ዘፈን የሌለው። ሁለቱ አሮጊት እህትማማቾች በአንድ መነጽር። … እንዴት ትረሳዋለህ! ጠዋት ታላቂቱ ታደርጋለች፣ ከሰዓት ታናሺቱ። ተኳርፈው ሳይነጋገሩ እንኳ አንዷ ለሌላዋ መነጽሩን በሰዓቱ ታቀብላታለች። … ከሱ የሚበልጥ ፊልም እኔ አላየሁም። አሶሳ ግን ህንድ ያለ ዘፈን እንዴት ይሆናል ብሎ ወንበር ሰበረብኝ። … አዎ፣ ሁለቱንም የሆንከው አንተ ነበርክ፣ ታላቂቱን በወፍራም፣ ታናሺቱን በቀጭን። ታናሺቱን ሆነህ ስታለቅስ ኻሚስ እንኳ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። — ዝም በል ኻሚስ፣ አይቼሃለሁ!

— ለሚስትህ ግን የፊልም ክፍሉን በር አላሳየሃትም። ሚስቴ ፊት እንደ ሴት አላለቅስም እያልክ ስንት ዓመት! ሰው ሁሉ ሰምቶህ እሷ አልሰማችህ። … አትሳቅ። አትሳቅ፣ ሳልህ ተነሳብህ። … ውኃ ጠጣበት። ጠጣ፣ እጠብቃለሁ።

— እ? … የባለ ጀልባውን? … እሱን አልመክርህም። … ጥሩ ስላልሆነማ አይደለም! ያንን ፊልም ያየ ሰው ሲያልቅ ወደ ቤቱ ነው የሚሮጠው። አባትየው ልጁን ወንዝ ማዶ ድሯት፣ ተጣልቷት፣ ሌላውን ሁሉ ሲያሻግር ይኖርና እሱ ማዶውን ሳይረግጥ … ለስምንት በሽተኛ! … እሺ፣ ካልክ። ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ ገበያ ያመጣኸው አንተ ነህ። ሽፋን የለው፣ ስም የለው፣ የየት አገር እንደሆነ እንኳ ማንም አላወቀ። … አንተም ቋንቋውን አትሰማውም እኮ! ፊታቸውን እያየህ ነው ሁሉንም የተረጎምከው። ያ ሁሉ ንግግር ያንተ ነው።

— ቆይ ግን። ለምን እሱን? … ሙርሳል፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፈረምክላቸው? … ቀዶ ጥገናውን ነዋ የምጠይቅህ! … አልፈረምክም። … ለዚህ ነው ብኸይታ ያኮረፈችው።

— ነገ አውቶቡስ? … ዕጢህን ተሸክመህ ወደዚህ? … አውቃለሁ። ማንቁርትህን እንደሚያወጡት አውቃለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ድምፅ እንደሌለህም አውቃለሁ። ካልወጣ ግን እንደሚገድልህ ነገሩህ አይደል? … ከሞቱ አሟሟቱ? ተወኝ እባክህ! እኔ ደግሞ መሰንበት ደጉ እልሃለሁ። … ተርጓሚ ያለ ድምፅ ምን ይሠራል? ምን አውቄ! ምናልባት ምንም አይሠራም። አልዋሽህም፣ እንደ አንተ ያለ ሰው አላገኝም፣ ቪዲዮ ቤቱንም እዘጋው ይሆናል።

— ስማኝ። ትሰማኛለህ? … ባለቤቴን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ታውቀዋለህ። እዚህ ሲናገር ገበያ ድረስ ይሰማ ነበር። አሁን ድምፁን ላስታውስ ብል አልመጣልኝ አለ። ሳቁም ጠፍቶኛል፣ ሙርሳል። እሱን እረሳለሁ ብዬ መች አስቤ! የቀረኝ … ረጅም ነበር አይደል፣ የበሩ ጉበን እንዳይመታው ጎንበስ ብሎ ሲገባ ነው የሚታየኝ። እሱ ነው የጎደለኝ። ዱዳ ሆኖም ቢሆን ጎንበስ ብሎ ቢገባልኝ … ቆይ፣ አፍንጫዬን ልጥረግ። … ብኸይታን እንደ እኔ አታድርጋት።

— ሄሎ? … ሄሎ፣ አለህ? … እየሰማሁህ ነው። … አልቅስ፣ ምንም አይደል። እኔም እያለቀስኩ ነው።

— እ? … ድገምልኝ። … ትፈርማለህ? … ወላሂ በል። … አይ፣ ጮክ ብለህ በል፣ ወሎዬ ነኝ፣ ወላሂ ሲባል ነው የማምነው። … እሰይ። እሰይ፣ ወንድሜ። … አውቃለሁ፣ ደስ አይልም። እኔንም ደስ አላለኝም።

— ብኸይታ! ነይ! እፈርማለሁ ብሏል! … ምሎልኛል አልኩሽ! … እጅሽን ኋላ ትታጠቢያለሽ፣ የሰው ስልክ ነው፣ ነይ! — መጣች፣ ሙርሳል። ልሰጣት ነው። … ምን ልበላት? እኔን ትጠይቀኛለህ? ስንቱን አፍቃሪ ስታናግር ኖረህ ለሚስትህ ቃል አጣህ? … እንግዲያው ፊልሙን ንገራት። የባለ ጀልባውን። ክፍልህ ያሉት ማታ ይደርሳቸዋል፣ መጀመሪያ እሷ ትስማህ። … አዎ፣ ልጅቷንም በሴት ድምፅ! … ትሳቅብህ፣ ምን አለበት? በል፣ አይዞህ። እግዚአብሔር ካንተ ጋር ይሁን። — እንኪ። አታውሪ፣ ዝም ብለሽ ስሚው።

— ኻሚስ፣ ማጫወቻውን አትንካው። … ይጠብቁ። ደግሞ አንድም ሰው አልወጣም፣ አየህ? … ሳቀች! ልጅቷ ጋ ደርሷል ማለት ነው። … አሁን ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ተዋት፣ አትያት።

— ምነው? … ተቋረጠ? … አምጪው። ሄሎ! … ሄሎ፣ ሙርሳል! … ቆይ ልደውልለት። … ማግኘት አይቻልም ትላለች ሴትዮዋ። … አሁንም እንደዚያው ትላለች።

— እስከ የት ነገረሽ? … መቅዘፊያውን እስኪጥል? ውይ፣ እዚያ ላይ? ልጅቷ ማዶ ቆማ እያየችው? … አይዞሽ፣ ቀጥሎ ያለውን እኔ አውቀዋለሁ። እሱ እንዳለው አንድም ሳላጎድል ልንገርሽ፣ አባትየው …

— ምን? … አልንገርሽ? … ሲመጣ ፊልሙን ራስሽ ልታይው? እዚህ ገብተሽ፣ ከእሱ ጎን ተቀምጠሽ? … ማን ሊተረጉምልሽ ነው ታዲያ፣ ብኸይታ?

— … እሺ። እሺ እህቴ፣ አልነግርሽም።