ከ«ቀጥል» ሥር ያለው በተን

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፣ ቤተሰብ ይዛችሁ የመጣችሁ እንግዶቻችንም፤

ለወትሮው የምንጨቃጨቅበትን የስብሰባ ክፍል አስጊጣችሁ፣ ፊኛ ሰቅላችሁ ስለጠበቃችሁኝ አመሰግናለሁ። አንዳንዶቻችሁ በመሄዴ እፎይ እንዳላችሁ ፊታችሁ ይናገራል። አልቀየምም።

ለእንግዶቻችን ልንገር። እኛ ቤት የሚሠራው በብራውዘር የሚከፈት ጌም ነው፤ ምንም ሳይጭኑ ገጹን ከፍቶ መጫወት ነው። እኔ ደግሞ ተጫዋቾች የሚጽፉትን አስተያየት እያነበብኩ ለእነዚህ ሰዎች አቀርባለሁ። ሙገሳውን ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። ቅሬታው ግን የኔ ስም ሆኖ ቀረ። «እትዬ ቅሬታ መጡ» ሲባል ኮሪደሩ ጭር ይላል። ዲዛይነራችን አንድ ቀን ገና ሲያየኝ ስልክ የሚያወራ መስሎ «ሃሎ» አለ። ጆሮው ላይ የለጠፈው ማውሱን ነበር።

ሙገሳውም እውነት ነው፣ አልክድም። የአትክልት ጌማችን በአሮጌ ኮምፒውተርም፣ በደከመ ኔትወርክም ይከፈታል። በመሀል ማስታወቂያ ዘው አይልበትም። አንዲት ነርስ «ከሥራ ስገባ የዝናቡን ድምፅ ለመስማት ብቻ እከፍተዋለሁ» ብላ ጽፋለች። ያንን ዝናብ የሠራችሁ እጃችሁ ይባረክ።

ያንን በተን ግን ያመጣችሁብን ምን አድርገናችሁ ነው? «ቀጥል» ከሚለው ሥር የተለጠፈው፣ በቀለምም በመጠንም መንታው የሆነው «እንደ አዲስ ጀምር»። አንዴ ከነኩት ያበቃል፤ የተከሉት ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ መጠየቅ ምን ይከብዳል?

አንድ ጡረታ የወጡ ሹፌር እንዲህ ብለው ጻፉልን፦ «እጄ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቴ ከማረፏ በፊት አብረን የተከልነው ጽጌረዳ ነበር። ትናንት ሳላስበው ጠፋ። ትመልሱልኛላችሁ?» ይህንን ይዤ ስብሰባ ገባሁ።

«ተጫዋቹ ይለምደዋል» አለኝ ዲዛይነሩ።

«ምኑን ነው የሚለምደው?»

«ተጠንቅቆ መንካቱን።»

ሥራ አስኪያጃችን ደግሞ «በሚቀጥለው ማሻሻያ ይታያል» አሉ። ማሻሻያው መጣ፣ ቢራቢሮ ተጨመረ። ሌላ መጣ፣ የቢራቢሮዋ ክንፍ ቀለም ተቀየረ። በተኑ ንቅንቅ አላለም። ሹፌሩም ከዚያ ወዲያ አልጻፉም።

አሁን ወደ ስጦታችሁ ልምጣ። ለስንብቴ ብላችሁ ለእኔ ብቻ የሚሆን የአትክልት ቦታ ሠራችሁልኝ። እያንዳንዳችሁ አንድ አበባ ተክላችኋል፤ አበባው ሲነካ የጻፋችሁልኝ መልእክት ይከፈታል። ዛሬ ጠዋት ልጄ ከፈተችልኝ። የመጀመሪያው የጥበቃችን ነበር፦ «እትዬ፣ የጠዋት ሰላምታዎ ይናፍቀኛል።» እንባዬ መጣ። መነጽሬን አውልቄ ዓይኔን ጠረግሁና፣ መነጽሬን ሳልመልስ ወደሚቀጥለው አበባ ለማለፍ «ቀጥል»ን ነካሁ።

«ቀጥል» አልነበረም።

ሳቁ፣ ግድ የለም። ያንኑ በተን ከአሮጌው ጌም ቀድታችሁ፣ እዚያው ቦታው ላይ ለጥፋችሁ ሰጣችሁኝ። የቀረልኝ ባዶ አፈር ነው፤ ዝናቡ ይዘንብበታል። ድምፁ አሁንም ደስ ይላል፣ እሱ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ልጄ «እማዬ፣ ለምን አስተያየት አትጽፊላቸውም?» አለችኝ። እንደ ማንኛውም ተጫዋች ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፣ ላክሁ። ከላክሁ በኋላ ነው ድንገት የገባኝ። ማን ሊያነበው ነው? በእኔ ቦታ ሰው አልተቀጠረም። «ለጊዜው ይቆይ» ተብሏል።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ አስተያየቴ ገብቶ ተቀምጧል። እባክዎ ነገ ጠዋት ራስዎ ይክፈቱት። የሹፌሩም ከሥሩ አለ፤ መልስ እስኪያገኙ ብዬ አላጠፋሁትም። መጀመሪያ የእሳቸውን ያንብቡ፣ የኔ ይደርሳል።

እናንተ ደግሞ የጻፋችሁልኝን ሳላየው እንዳልሄድ፣ በሩ ላይ ስንሰነባበት አንድ በአንድ በአፋችሁ ንገሩኝ። የዲዛይነሩን በተለይ መስማት እፈልጋለሁ፤ ማውሱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ይምጣ።

ጤናውን ይስጣችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፣ የጀመራችሁት ይቃናላችሁ። ማታ የተከላችሁትን ጠዋት እዚያው ያቆይላችሁ። ለሹፌሩም እንደዚሁ።