ቢጫው ብርድ ልብስ የት ገባ?

እሰይ የኔ እናት! ነቃሽ? ዓይንሽን ገለጥሽልኝ? ገና ከሆስፒታሉ በር ሳንርቅ እኮ ነው የነቃሽው። እንኳን ደስ ያለሽ፣ ይሄ የመጀመሪያ ዝናብሽ ነው። እስከ ዛሬ እዚያ ማሞቂያ ክፍል፣ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተኝተሽ ዝናብ የሚባል ነገር መኖሩን የት አውቀሽ! ዝናብ ማለት ይኸውልሽ፣ ሰው ሁሉ ቤቱና መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ በመስኮት የሚያየው ነገር ነው። ደስ ይላል አይደል? እኛ ደግሞ ከሌላው ሰው በለጥንና ከቅርብ እያየነው ነው።

ውይ፣ ሳላስተዋውቅሽ! እኔ አያትሽ ነኝ፤ የእናትሽ እናት። በመስታወቱ በኩል እጇን ስታወዛውዝልሽ የነበረችው አሮጊት እኔ ነኝ። ይቺ አንቺን አቅፋ፣ አጠገቤ ጃንጥላ ዘርግታ የተቀመጠችው እናትሽ ናት። አዎ፣ መኪና ውስጥ ነን። አዎ፣ ጃንጥላው ተዘርግቷል። አትገረሚ፣ ትለምጂዋለሽ። ያ ከፊት የሚታይሽ ጭንቅላት ደግሞ የሹፌራችን ነው፤ አባትሽ ናቸው። እስከ ትናንት አንተ ነበር የምላቸው፣ ዛሬ ልጅ ይዘው ወደ ቤታቸው የሚገቡ አባወራ ስለሆኑ አንቱ ብያቸዋለሁ። ስለ እሳቸው አንድም ነገር አልናገርም። መሪ የያዘ ሰው አይታወክም፤ ደግሞስ የልጄ ባል አይደሉም? ከተወለድሽ ጀምሮ እሳቸውን ሳማ ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ? ... በይ እንግዲህ፣ ምስክሬ ነሽ።

መብራቱ እስኪለቀን ተረት ልንገርሽ? መንገዱ እንደሆነ ጭራሽ ቆሟል። የተረቴ ሰውዬ እዚህ የለም፤ ሩቅ የሚኖር፣ በዝና የማውቀው ሰው ነው። ስለዚህ ማንም እኔን ነው ብሎ ትከሻውን እንዳይሰበስብ... ከሰበሰበም ብርዱ ነው።

እና አንድ ሰው ነበረ። ጨዋ፣ ምስጉን፣ እጁ ሥራ የማይፈታ። የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። የሰው ቤት ጣራ አፍሶ ዕቃ ሲበላሽ ሄዶ፣ አጎንብሶ፣ አንጋጦ አይቶ፣ "ይሄ የባለቤቱ ቸልተኝነት ነው፣ አንከፍልም" ብሎ የሚፈርመው እሱ ነው። ስለ ማፍሰስ ከሱ በላይ የሚያውቅ ከየት ይመጣል? ሚስት ነበረችው፤ ሚስቱም ነፍሰ ጡር ነበረች። አንዲት ያረጀች ትንሽዬ መኪናም ነበረችው። አይ፣ እሷን እንኳን ተያት፣ ምኗ ይነሳል! ጣራዋ ብረት። በሯ ሲዘጉት የሚዘጋ። መስኮቷ መስታወት። እንዲህ ያለው ነገር ለጀግና ይመጥናል?

ሚስቱ ሆዷ እየገፋ ሲመጣ ሌላ ሰው ምን ያደርጋል መሰለሽ? የሕፃን አልጋ ያያል፣ መታጠቢያ ገንዳ ያያል። ይሄ ግን አርቆ አሳቢ ነው። ባለ ብረቷን ሸጠና ጣራዋ ሸራ የሆነች፣ ተራራ የምትወጣ፣ ወንዝ የምታቋርጥ መኪና እየነዳ ከተፍ አለ። ተራራው የት አለ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። ከቤቱ እስከ ቢሮው ያለው ከፍታ፣ አስፋልቱ ላይ መኪና እንዳይፈጥን የተሠራችው ጉብታ ናት። እሷን ትወጣለች፣ አይካድም። ወንዝ ስታቋርጥ ግን አይቼ አላውቅም። ወንዝ ውስጧ ይዛ ስትሄድ ነው ያየሁት።

ኧረ እናትሽ ለምንድነው በጉልበቷ የምትጎሽመኝ? ምን ወጣኝ? ተረት እኮ ነው ልጄ! አንቺ ይልቅ ጃንጥላውን ወደ ልጅቷ ራስ አዘንብይ፣ በዚህ በስፌቱ በኩል እየተንጠባጠበ ነው።

ምን ላይ ነበርን? ... አዎ፣ ሸራው። ሸራው ማፍሰስ በጀመረ ጊዜ ሌላ ሰው ቢሆን ሸራ ሰፊ ዘንድ ይወስደዋል። ክሩ ተበልቷል፣ ሰፊው አይቶ ወይ ይደግመዋል ወይ ይቀይረዋል፣ አለቀ። የኛ ሰው ግን ባለ ሙያ ነውና ማንንም አላስቸገረም። ስፌቱን ማስቲሽ ቀባው። ማስቲሹ ሲላቀቅ በላዩ ሌላ ማስቲሽ ቀባ። አንድ ቀን ደግሞ ፀሐይ ወጣ ስትል ጣራዋን ከነእርጥበቷ አጣጥፎ አሳደራትና ሻጋታ አበቀለች። ሽታው እንዴት ያለ እንደነበር ልነግርሽ ብዬ... ይሸትሻል እንዴ? አይ፣ ይሄ ሌላ ነው። ይሄ የአዲስ መኪና ሽታ ነው።

ከዚያ ምንጣፉን አነሳና ወለሏን ሲመረምር ምን ቢያገኝ ጥሩ ነው? ቀዳዳ! "በቃ አገኘሁት! ለካ ውሃው የሚገባው በዚህ ኖሯል!" አለና ጎማ ቆረጠ፣ ወተፈ፣ በላዩ ሲሊኮን አፈሰሰበት። ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ አሳየ። ቀዳዳውን እኮ መኪናዋን የሠራት ሰው ያበጀው፣ የገባው ውሃ እንዲወጣበት ብሎ ነው። እሱ መውጫውን ደፈነው። እንግዲህ ከላይ ይገባል፣ ከታች አይወጣም። ሚስቱ ፊቱን አይታ ደስታውን ማበላሸት አልፈለገችም። እንዲህ ያለች ሴት እግዜር ለስንቱ ይሰጣል? እኔማ ዛሬ ጫማዬን አውልቄ ጉልበቴ ላይ አድርጌዋለሁ። እግርን ለብ ባለ ውሃ መዘፍዘፍ ለደከመ ሰው ጥሩ ነው ይላሉ። ይሄኛው ለብ አይልም እንጂ።

ደግሞ እኮ ታክሲ ልጥራ ብዬ ነበር። ሹፌራችን ተቀየሙኝ። "የልጄ የመጀመሪያ ጉዞ በታክሲ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ታክሲ ውስጥ ምን ይታያል? ደረቅ ወንበር።

ነርሷ ያለችውን መቼም አንቺም ሰምተሻል። ያለ ጊዜሽ የመጣሽ ነሽ፣ ሳንባሽ ገና አልጠነከረም። "ብርድ እንዳያገኛት፣ እርጥብ ነገር እንዳይነካት፣ እንደገና እዚህ እንዳናያት" ነው ያለችው። እናትሽን እጇን ይዛ ነው ያለቻት። እኔም ሰማሁ። ሹፌራችን አልሰሙም፤ አይፈረድባቸውም። እታች ቆመው በር የሚከፍት ሰው ሁሉ መኪናዋን እንዳይጭርባቸው እየጠበቁ ነበር። አንድ ሰው ስንት ቦታ ይሁን?

ወደ ተረታችን እንመለስ። የዚያች መኪና መስኮቶች ላስቲክ ናቸው፤ በዚፕ የሚገጠሙ። ዝናብ ሲመጣ ትገጥሚያቸዋለሽ፣ ዝናቡ ውጭ ይቀራል። መስኮት የተፈጠረው ለዚህ አይደል? የኛ ሰው ግን የገባው ነገር አለ። ላስቲክ ይጫራል። ፀሐይ ያደበዝዘዋል። ዝናብ ሲደርቅበት ነጥብ ነጥብ ይተውበታል። ስለዚህ ሰማዩ ሲጠቁር ጊዜ መስኮቶቹን ፈታና ቤት አስቀመጣቸው። ገባሽ አይደል? ዝናቡ እንዳያገኛቸው! እኔ እንዲህ ሲወድ የማውቀው ሰው የለም። እውነቴን ነው፣ ልሙት።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ይሄ እንኳን ተረት አይደለም፣ የራሴ ነገር ነው። እኔ ላንቺ ቢጫ ብርድ ልብስ ሠርቼልሽ ነበር። ክር ገዝቼ፣ በእጄ፣ በዚህ በሚያብጠው ጣቴ። እናትሽ ማርገዟን የነገረችኝ ዕለት ነው የጀመርኩት። ስሳሳት ፈታሁ፣ ደግሜ ሠራሁ፤ ለሚነካው ሁሉ ጥጥ ነው የሚመስለው። ዛሬ በሱ ተጠቅልለሽ እንድትወጪ አደራ ይምጣልኝ ብዬ ነበር፤ ስሙልኝ ብዬ ነበር። ይኸው አንቺ በኔ ሹራብ ተጠቅልለሻል፣ እኔ በሸሚዝ ቀርቻለሁ። ብርድ ልብሱ የት ገባ ብል፣ "ቤት አለ፣ ሥራ ላይ ነው" ተባልኩ። ሥራ ላይ! ... ብርድ ልብስ ምን ሥራ አለው?

እናትሽ ናት በጆሮዬ የነገረችኝ፣ ቅድም ስንገባ። እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ዓይኗን ግን አላነሳችም።

ላስቲኮቹ እርስ በርስ እንዳይጫጫሩ ለስላሳ ነገር አስፈለገው፣ ያ የተረቴ ሰውዬ። ቤቱን ቢዞር ቢዞር ከቢጫው ብርድ ልብስ የለሰለሰ አጣ። እንዲህ ሙያዬን ያወቀልኝ ሰው የለም! አንዱን መስኮት ካንዱ እየለየ፣ ጠርዛቸውን እያስተካከለ ጠቀለላቸው። መሬት ይቀዘቅዛል ብሎ ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ አስተኛቸው... አልጋሽ ላይ። አዎ የኔ ሚጢጢ፣ አልጋሽ ላይ። ስትደርሺ በጨዋ ደንብ፣ እባካችሁ ጠጋ በሉልኝ ትያቸዋለሽ።

እናትሽ ሳቅ በዪበት ብላ ነው የነገረችኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ይቺ ልጅ ያንን ሁሉ ቀን መስታወት ተደግፋ ቆማ "ትንፋሿ አለ? አለ?" ስትለኝ የነበረች ልጅ ናት። ... ተይው። ተረት ላይ አይለቀስም።

እንዴ! ቆይ አንዴ። ሹፌራችን ጃኬታቸውን እያወለቁ ነው! አየሽ? አየሽልኝ? ምላሴን ይቁረጠው፣ እኔ ክፉ አሮጊት ነኝ! አባት እኮ ነው፣ አንጀቱ እንዴት ያስችለዋል? ሰምተውኝ ነው፤ ልባቸው ተነክቶ ነው። በይ ልጄ እጅሽን ዘርጊ፣ ተቀበያቸው፣ ቶሎ ጠቅልያት። ደረቅ ነው፣ የገላቸው ሙቀት ገና አለበት። ይቅር በሉኝ እንዲያው፣ ልጅ ሲታመም የማየት ፍርሃት ነው እንዲህ የሚያስለፈልፈኝ...

አይ።

ለሬዲዮኗ ኖሯል። ከላይ ጠብ ጠብ እያለባት ነበር ለካ። እንዴት አድርገው እንዳለበሷት እይ፣ ጠርዙን ሁሉ ገባ ገባ አድርገውላታል። እጅጌውን ደግሞ አንገቷ ላይ ጠመጠሙላት። ሳል እንዳይዛት ሊሉ ነው መቼም።

እጅሽን መልሺ ልጄ። እየረጠበ ነው።

መብራቱ ለቀቀን። እናትሽ ጃንጥላውን ትታ በገላዋ ደገፍ ብላ ከልላሻለች፤ ውሃው ጀርባዋ ላይ ይወርዳል። በይ እንግዲህ፣ አያት ሳትመርቅ ዝም ብላ ቤት አትገባም። እጄ እርጥብ ነው፣ ግንባርሽን በትንፋሼ ልንካሽ። እፍፍ... እደጊ የኔ እናት። ሳንባሽ ይጠንክር፣ ክፉ አይንካሽ፣ ዕድሜ ይስጥሽ። አድገሽ፣ ተምረሽ፣ ለወግ ለማዕረግ በቅተሽ ትዳር የያዝሽ ለታ፣ እግዜር ለእናትሽ የነፈጋትን ላንቺ አይንፈግሽ። ያ የተረቴ ሰውዬ መኪናውን የሚያያት ዓይን አለ አይደል? ... በዚያ ዓይን የሚያይሽ ባል ይስጥሽ።

አሜን በይ። ... አይ፣ አንቺማ ገና አፍ አልፈታሽም። ከፊት ያሉት ይበሉልሽ።