ሁለተኛው ጥሪ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ከኋላዬ የተቀመጡት ባልና ሚስት ከመናኸሪያ ጀምረው ይጨቃጨቃሉ። ልጃቸው ዘሃራ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዎቿ በመርከብ ለሽርሽር ሲወጡ ልጆቻቸውን እንድትይዝ ይዘዋት ሄደዋል።

“ስልኩን ለምን አላነሳኸውም?” አለች ሚስት።

“አታንሱ አላለችም እንዴ? ከባሕር ላይ መደወል ዋጋው እሳት ነው፣ ሚስኮል ካደረግኩ ደህና ነኝ ማለት ነው አላለችም?”

“አንዴ ከጠራ ነው ያለችው። ትናንት ስንቴ ጠራ?”

“ሦስቴ።”

“ሦስቴ ሲጠራ ቁጭ ብለህ ታያለህ?”

“በጣም ደህና ብትሆን ነው ብዬ ነዋ።”

“ደግሜ ከደወልኩ ችግር አለ ማለት ነው፣ አንሱ ብላናለች።”

“ወላሂ እኔ አልሰማሁም።”

“ስልኩን አንተ ትይዛለህ፣ ምልክቱን እኔ እይዛለሁ። ምን ዓይነት ነገር ነው ይሄ?”

“መልሼ ብደውልም እምቢ አለ። ምን ላድርግ?”

“እምቢ ይላላ። ወደብ ካልደረስኩ አታገኙኝም አላለችም?”

“አሁን ኮምቦልቻ ስንደርስ የእህቴ ልጅ በኢንተርኔት ትፈልጋታለች። አብሽሪ።”

“አብሽሪ አትበለኝ።”

ይሄኔ ከኪሱ ስልክ ጮኸ። ሊያነሳው ሲል ተቋረጠ።

“እሷ ናት” አለ። “አንዴ ነው። ይኸው ደህና ናት።”

“ዝም በል” አለችው። “ቆይ።”

ደግሞ እንዳይጮህ እኔም በልቤ ዱዓ ያዝኩ።