ቀይ ክዳን ያለው ብልቃጥ

ወደ ጤና ጣቢያው የሄድኩት ለክርክር ሳይሆን ለእግሬ ነበር። ሚስማር የወጋኝ ቦታ አመርቅዞ ሐኪሙ የሰባት ቀን መርፌ አዞልኛል። በሩ ላይ እጀ ቀላልን አገኘሁት። የመርፌ ክፍሉ ረዳት ነው፤ በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ሰው አላስጮኸም ተብሎ ሰፈሩ ይህን ስም አወጣለት። ያን ቀን ግን ፊቱ ጠቁሯል።

"መምህር፣ እግዜር ነው ያመጣዎት። ማመልከቻ ይጻፉልኝ" አለና የጨበጠውን ማስታወቂያ ሰጠኝ።

ማንኛውም የጤና ረዳት ስድስት ወር ሠልጥኖ፣ ተፈትኖ የብቃት ምስክር ወረቀት ካልያዘ ሕመምተኛ አይነካም፤ ምዝገባው ነገ ያበቃል ይላል። እሱ ደግሞ "በልምዴ ልታለፍ" ብሎ ሊያመለክት አስቧል። ካልተሳካለት ከዚያ ክፍል መውጣቱ ነው። አርባ ዓመት ያስተማርኩ ሰውዬ፣ ከትምህርት ማምለጫ ወረቀት ልጽፍ እሺ አልኩ። ይሉኝታ የማያሠራው ነገር የለም።

ክፍሉ ውስጥ የእህቱ ልጅ ካርድ ትደረድራለች። ነርስ ናት፤ ኃላፊ ሆና አጎቷን ማዘዝ ከጀመረች ሦስት ወሯ ነው።

"ጋሼ፣ ተመዘገቡ?"

"ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። አንቺን ራስሽን የከተብኩሽ እኔ ነኝ።"

"ውለታዎን አልካድኩም።"

"ታዲያ እጄ ምን ጎደለው?"

"እጅዎ ምንም አልጎደለውም። ከመውጋትዎ በፊት የሚደረገው ነው የጎደለው።"

እጀ ቀላል ከመደርደሪያው ብልቃጥ አነሳ፣ ዱቄቱን በጠበጠ፣ በመርፌ ሳበ። ሲናደድ እጁ ይፈጥናል። እኔም ሱሪዬን ዝቅ አድርጌ አልጋውን ተደገፍኩ፤ አልኮሉ ቆዳዬን አቀዘቀዘው።

"ይቁሙ፣ ጋሼ" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "መርፌው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?"

"የታዘዘላቸው ነዋ። ቀይ ክዳኑ።"

"ብልቃጡን ያንብቡልኝ።"

"ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቀይ ክዳን ያው ቀይ ክዳን ነው።"

"ያንብቡልኝ፣ ጋሼ።"

ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አስጠጋ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ከዚያ ቆመ። ያነበበችው እሷ ናት፦ ፔኒሲሊን። እኔ ደግሞ ከአሥር ዓመት በፊት በዚሁ መድኃኒት ጉሮሮዬ አብጦ ለጥቂት ነው የተረፍኩት፤ ካርዴ ላይም "ፔኒሲሊን አይሰጠው" ተብሎ ተጽፏል። የዚያ ሰሞን ፔኒሲሊን ከሌላ ፋብሪካ መጥቶ ኖሯል፤ ለእኔ የታዘዘው መድኃኒት ድሮ የሚታወቅበትን ቀይ ክዳን አድርገውለታል።

ፈራሁ። ሱሪዬን ታጥቄ ከአልጋው ራቅሁ። እጀ ቀላል መርፌውን ማስወገጃው ሣጥን ውስጥ ጥሎ ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

"ካርዱን አላየሁም። መምህርን ስለማውቃቸው አላየሁም" አለ።

የእህቱ ልጅ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ስልጠናው የሚጀምረው ከዚሁ ነው አለችው፤ ስም መጠየቅ፣ ካርድ ማየት፣ ብልቃጡን ሲያነሱ፣ ሲስቡና ከመውጋት በፊት ማንበብ። እሷም በየሁለት ዓመቱ እንደምትፈተን ነገረችው።

"ብወድቅስ? በዚህ ዕድሜዬ ከልጆች ጋር ተቀምጬ ብወድቅስ?"

ለካ ሰውዬው ትምህርት ጠልቶ ሳይሆን መውደቅ ፈርቶ ኖሯል። ይህ ደግሞ የእኔ ሙያ ነው።

"ማመልከቻውን አልጽፍልህም" አልኩት። "ከሥራ ስትወጣ ቤቴ እየመጣህ አብረን እናነባለን። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። አንተ አስቀድመህ ጠምጥመሃል፤ አሁን ተማር።"

አላሳቀውም። ግን ከዚያው ተነስቶ ሄዶ ተመዘገበ።

በመጀመሪያው ፈተና ወደቀ። እስኪደግም ድረስ ካርድ እያመላለሰ፣ ሌሎች ሲወጉ ቆሞ አየ፤ እንዴት እንዳስቻለው እሱ ያውቃል። በሁለተኛው አለፈ። ምስክር ወረቀቱ የግድግዳ ጌጥ መስሎት የሚያሾፍ ሰው ካለ እኔን ይጠይቀኝ። ሕመምተኛ የረዳቱን እጅ እንጂ ዕውቀቱን አያይም፤ ወረቀቱ ያንን የሚያይለት ዓይን ነው። ለረዳቱም ቢሆን ክዳን ሲለወጥ፣ ፋብሪካ ሲለወጥ የማይለወጥ መመሪያ ይሰጠዋል።

ከዓመት በኋላ ሌላ መርፌ ታዘዘልኝ። እጀ ቀላል መነጽር አድርጎ ካርዴን ከፍቶ ጠበቀኝ።

"ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ።"

"አታውቀኝም እንዴ?"

"አውቅዎታለሁ፣ መምህር። ያን ጊዜም ልገድልዎ የነበረው ስለማውቅዎ ነው።"

ስሜን እስከ አያቴ ነገርኩት።